የማዝዳ ሚያታ ያረጁ ታይሮዶችን ቤት ውስጥ መቀየር፦ ከምርመራ እስከ ቶ ማስተካከል

ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ የምትባለው፣ በ1989 (እ.ኤ.አ.) በቺካጎ የመኪና ትርዒት ከታየች ጀምሮ የምትወደደው በጉልበቷ ሳይሆን በመሪዋ ነው። መኪናዋ ቀላል ስለሆነች ሌላ መኪና ላይ ማንም የማያስተውለው የአንድ ሚሊ ሜትር ልቅነት እዚህ ወዲያው እጅ ላይ ይታወቃል። ከ1989 እስከ 1997 የተመረተው የመጀመሪያው ትውልድና ከ1998 እስከ 2005 የተመረተው ሁለተኛው ዛሬ ሁለቱም አሮጌ መኪኖች ናቸው። መሪያቸው ተቀይሮ የማያውቅ ከሆነ ከመጋጠሚያዎቹ አንዱ ማለቁ አይቀርም።

ይህ መመሪያ ለሁለቱ ትውልዶች ነው። ታይሮድ የመሪውን ራክ፣ ማለትም መሪው ሲዞር ግራ ቀኝ የሚሄደውን ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ነው። የሚቀየሩት በሁለቱም ጎን ያሉት የውጭ ታይሮድ ኢንዶች (በጎማው በኩል ያሉት ባለ ኳስ ጫፎች)፣ የውስጥ ታይሮዶችና ራኩን ከአቧራና ከውሃ የሚከላከሉት የላስቲክ ሽፋኖች (ቡቶች) ናቸው። መፍታትና መግጠሙ መፍቻ መያዝ የሚችል ሰው በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት መለካቱና ቶውን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዞሩበትን መጠን፣ ማስተካከሉ ላይ ነው። ሳይለካ የፈታ ሰው መሪው ጠምሞ፣ ጎማው በጥቂት ሳምንት ተላጭቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ስለዚህ ከታች ስለ ሜትርና ስለ ሲባጎ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መዶሻ ግን ትንሽ።

የሚጫወተው የቱ ነው?

ክፍል ከማዘዛችሁ በፊት ጥፋተኛውን ለዩ። የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ። አንዱን ጎማ በግራና በቀኝ፣ ማለትም የሰዓት 9 እና 3 ላይ ይዛችሁ በፍጥነት ግፉ፣ ሳቡ። እዚያ ላይ ከተጫወተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታይሮዱ ነው። ከዚያ ከላይና ከታች፣ 12 እና 6 ላይ ያዙና ድገሙት። በዚህ አቅጣጫ ከተጫወተ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንቱ (ጎማውን የያዘውን ብረት ከላይና ከታች ካሉት ክንዶች ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ነው፤ ታይሮድ ቢቀየር አይድንም። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከተጫወተ ኩሽኔታውን አስቀድሙ። ረዳት ፍሬን ረግጦ ሲይዝ ልቅነቱ ከጠፋ፣ ኩሽኔታው ነው ማለት ይቻላል።

ታይሮዱ ከሆነ የውጩ ነው ወይስ የውስጡ? መኪናዋን መሬት ላይ አውርዱና ረዳታችሁ መሪውን በትንሽ በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ። እናንተ ጣታችሁን የውጭው መጋጠሚያ ላይ፣ ግማሹን ኢንዱ ላይ ግማሹን የመሪ ክንዱ (ኢንዱ የሚታሰርበት፣ ጎማውን የሚያዞረው ክንድ) ላይ አድርጉ። ካለቀ ሁለቱ ተከታትለው እንጂ አብረው አይንቀሳቀሱም፤ ትንሿ ኳኳታም በጣት ትሰማለች። የውስጠኛው ግን ቡቱ ውስጥ ተደብቋል። ቡቱን በእጃችሁ ጨምቃችሁ በላስቲኩ ውስጥ ኳሱን ያዙና ረዳቱ መሪውን ያወዛውዝ። ቡቱ ደርቆ አልጨመቅ ካለ እሱም የሚቀየር ነው፤ መያዣውን ፍቱና ገልጣችሁ እዩ።

ሁለቱም ጤነኛ ሆነው መሪው ከተጫወተ ወደ ላይ ሂዱ። ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደው ዘንግ መስቀለኛ መጋጠሚያዎች አሉት። ላይኛው ሲዞር ታችኛው ከዘገየ እዚያ ነው። ራኩ ራሱ በማሰሪያው ላስቲክ ላይ ግራ ቀኝ ከተንሸራተተም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ምክር ይዞራል፤ ራኩ ላይ ያለውን የማስተካከያ ብሎን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ። አታድርጉት። ራክ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው መሐሉ ላይ ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ ሲነዳ ጥርሶቹ የሚፋጩት እዚያ ነውና። መሐሉ ላይ ልክ እስኪሆን ካጠበቃችሁት ዳርና ዳሩ ላይ ይነክሳል፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለስ ያቆማል። ያለቀ ታይሮድን ለመሸፈን ከተደረገ ደግሞ ሁለት ችግር ይዛችሁ ትነዳላችሁ ማለት ነው።

ምርመራው ላይ ሳላችሁ ቦል ጆይንቶቹንም እዩ። የታችኛው ለብቻው በብሎን የታሰረ ስለሆነ ለብቻው ይቀየራል። የላይኛው ከማዝዳ የሚመጣው ከላይኛው ክንድ ጋር አንድ ሆኖ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሆናል። ካለቁ ከታይሮዶቹ ጋር አንድ ላይ ቀይሯቸው፤ አለበለዚያ ዊል አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከሉን) ሁለት ጊዜ ትሠራላችሁ።

የሚገዛው

ሁለት የውጭ ታይሮድ ኢንድ፣ ሁለት የውስጥ ታይሮድ፣ ሁለት ቡት ከነመያዣዎቻቸው፣ ሁለት አዲስ ማገቻ ፒን፣ የውስጠኛው በታጣፊ ሮንዴላ የሚቆለፍ ከሆነ ሁለት አዲስ ሮንዴላ። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ቀይሩ። አንዱ ጎን ሲያልቅ ሌላውም ያንኑ ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ከዚህም በላይ አላይመንት የሚከፈለው ለአንድ ጊዜ ነው።

ስታዝዙ የምርት ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የመኪናዋን ሻሲ ቁጥር ስጡ፤ መሪዋ በዘይት የሚታገዝ ይሁን አይሁንም ተናገሩ። የመጀመሪያው ትውልድ በሁለቱም ዓይነት ወጥቷል፤ ባለቤቶችም በኋላ የዘይት ፓምፑን አውጥተው ራኩን ይለውጣሉ። ያገለገለች መኪና ከገዛችሁ በመጽሐፉ የተጻፈው ራክ ላይኖር ይችላል፤ ኮፋኑን ከፍታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

በርካሹና በውዱ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ቡቱና ግሪሱ ላይ ይታያል። የርካሹ ላስቲክ በሁለት ክረምት ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ኳሱ ይዝጋል። የዋናው አምራች ወይም ስሙ የታወቀ የጃፓን ክፍል እዚህ ቦታ ላይ ዋጋውን ያወጣል። ለመሪ ሳንቲም አይቆጠርም።

ከመሣሪያ በኩል የሚከተሉት ይኑሯችሁ፦ ክሪክና ሁለት ጠንካራ ስታንድ፣ ለኋላ ጎማ መከልከያ ሽብልቅ፣ ለጎማ ዳዶ 21 ቁጥር ሶኬት፣ የሚሊ ሜትር መፍቻዎች፣ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) የሚለካ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ በብሎን የሚሠራ የቦል ጆይንት ማውጫ፣ የመለኪያ ካሊፐር፣ የብረት ማስመሪያና ቀለም መጻፊያ። ለውስጠኛው ታይሮድ ደግሞ ረጅም ቱቦ የሚመስል ልዩ ሶኬት ያስፈልጋል። እሱን መግዛት አያስፈልግም፤ አሜሪካ ውስጥ ታላላቆቹ የመለዋወጫ መደብሮች በመያዣ ገንዘብ ያውሱታል፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል።

የሹካ ቅርጽ ያለውን ማላቀቂያ በመዶሻ መምታት ፈጣን ነው፤ ግን ቡቱን ይቀድዳል። የሚጣል ክፍል ላይ ችግር የለውም፤ ለሌላ ሥራ ጤነኛ ታይሮድ ስትፈቱ ግን አትጠቀሙበት።

ማንሳት

ዝገት አላቃቂውን ከአንድ ቀን በፊት፣ ማታ፣ መቆለፊያ ዳዶዎቹ (ኢንዱን በታይሮዱ ክር ላይ የሚቆልፉት) ላይ ርጩ። በረዶ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር የኖረች መኪና ከሆነች ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። የአፓርታማ ፓርኪንግ ላይ ልትሠሩ ካሰባችሁ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ጥገና ይከለክላሉ፤ ጎማ የሌላት መኪና ደግሞ ዓይን ትስባለች።

የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ከልክሉ፣ የጎማ ዳዶዎቹን መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ሩብ ዙር አላሉ። ክሪኩን የፊተኛው ተሸካሚ ብረት መሐል ላይ አስገብታችሁ አንሱና ስታንዶቹን በጎን በኩል ባለው፣ ሁለት ቁርጥ ምልክት ባለበት የክሪክ ቦታ አቁሙ። እዚያ ያለው ቀጭን የብየዳ ጠርዝ ስለሆነ መሐሉ የተሰነጠቀ ላስቲክ ስታንዱ ላይ አድርጉ። ከወለሉ ሥር ርዝመቱን የሚሄዱት ሣጥን መሰል ብረቶች ጠንካራ ይመስላሉ፤ ግን ይጨማደዳሉ፤ ብዙ ሚያታዎች እዚያ ላይ የተጎዱ ናቸው። መኪናዋን ገፋ አድርጋችሁ ካልተነቃነቀች ብቻ ጎማዎቹን አውጡ። ሁለቱም የፊት ጎማ አየር ላይ መሆን አለበት፤ ራኩ አንድ ስለሆነ የአንዱ ጎን ሥራ ሌላውን ያንቀሳቅሳል። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አዙሩት።

ከመፍታት በፊት መለካት

መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሩ፤ ከዚያ እስከ ሌላው መጨረሻ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና በግማሹ አቁሙት። ራኩ መሐል ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የፊት ፍሬን ዲስኮቹ ቀጥ ብለው ካልቆሙ ቀድሞ የሠራ ሰው አንዱን ታይሮድ አስረዝሞ ሌላውን አሳጥሯል ማለት ነው። ጻፉት፤ በኋላ ታርሙታላችሁ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ጎን ከውጭው ኳስ መሐል እስከ ውስጠኛው ኳስ መሐል ያለውን ርዝመት ለኩ። ቡቱ ገና በቦታው ስላለ ውስጠኛው ኳስ ላይ መድረስ ካስቸገረ፣ ለጊዜው ከውጭው ኳስ መሐል እስከ መቆለፊያው ዳዶ የውስጥ ገጽ በካሊፐር ለኩና ክሩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ሙሉው ርዝመት አሮጌው ሲወጣ ጠረጴዛ ላይ ይለካል።

ዙር በመቁጠር ብቻ መተማመን የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ኢንዱን እያዞሩ ሲያወጡ 17 ዙር ከሆነ አዲሱንም 17 ዙር ማስገባት። ይህ የሚሠራው አዲሱና አሮጌው ክፍል በሁሉም ልኬት አንድ ሲሆኑ ነው። ሌላ አምራች የሠራው ኢንድ ከኳሱ እስከ ክሩ መጀመሪያ ያለው ርቀት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሊለይ ይችላል። የሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። የታይሮዱ ክር 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነና የመሪ ክንዱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሙሉ ዙር ጎማውን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ያዞረዋል፤ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ሲለካ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጎማ ለመላጨት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ዙሩን ቁጠሩ፤ የምታምኑት ግን የኳስ መሐል ለኳስ መሐል ርዝመቱን ይሁን።

የውጩን ማላቀቅ

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ መቆለፊያውን ዳዶ አላሉ፤ ኢንዱ ገና ክንዱ ላይ ስለታሰረ አብሮ አይዞርም። ቀድማችሁ ኢንዱን ካወጣችሁ በኋላ የዛገ መቆለፊያ ዳዶ ለመፍታት ሁለት እጅ አይበቃም። ዳዶውን ሩብ ዙር ብቻ ፍቱት፤ ምልክታችሁ እንዳይጠፋ።

ማገቻ ፒኑን በፒንሳ አቅኑና ሳቡት። ከተሰበረ ቀሪውን በቀጭን ምስማር ግፉት። ባለ ጥርሱን ዳዶ ፍቱና መልሳችሁ በእጅ ሁለት ሦስት ክር አስገቡት፤ ኮኑ (በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ የገባው የኢንዱ ሾጣጣ እግር) ድንገት ሲላቀቅ ክንዱ ተወርውሮ እንዳይመታችሁና ክሩም እንዳይጎዳ። ማውጫውን ግጠሙ፣ ብሎኑን አጥብቁ። ካጠበቃችሁት በኋላም ካልለቀቀ በማውጫው ብሎን ላይ አትታገሉ፤ የመሪ ክንዱን ጎን፣ ኮኑ የገባበትን ክብ ብረት፣ በመዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ሰንዝሩበት። ከኋላው ሌላ ከባድ መዶሻ ደግፋችሁ ብትመቱ ይበልጥ ይሠራል። ክብ ቀዳዳው ለቅጽበት ይለጠጥና ኮኑ ጧ ብሎ ይለቃል። የዳዶውን ወይም የክሩን ጫፍ ከታች ወደ ላይ መምታት ግን ክሩን ከማበላሸት በስተቀር ጥቅም የለውም።

ኮኑ ሲለቅ ኢንዱን ከዘንጉ ላይ እያዞራችሁ አውጡ፣ ዙሩንም ቁጠሩ፣ ከዚያ መቆለፊያ ዳዶውን።

የውስጡን ማላቀቅ

የቡቱን ትልቅ መያዣ ቁረጡ፣ ትንሹን በፒንሳ ጨምቃችሁ አውጡ፣ ቡቱን ወደ ውጭ ሳቡት። አየር የሚያሳልፍ ቱቦ ከተገናኘበት ቦታውን አስታውሱ፤ ራኩ ሲሄድ አየሩ ከአንዱ ቡት ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ነው፤ ቢረሳ ቡቱ ይጠባል፣ ይነፋል።

ወደ ውስጥ እዩ። የዘይት መሪ ባላት መኪና ቡቱ ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ የራኩ ማኅተም (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል። ያን ጊዜ አዲስ ታይሮድ መግጠም ድካም ነው፤ ራኩን በሙሉ ቀይሩ ወይም አሳድሱ። የዛገ ውሃና ጭቃ ካለ ደግሞ ቡቱ ቀደም ብሎ ተቀድዷል ማለት ነው፤ የራኩን ብረት ጠርጋችሁ ዝገት ነክቶት እንደሆነ በጥፍር ዳስሱ።

ሮንዴላው የታጠፈ ጠርዝ ካለው በካቻቢቴና በመዶሻ አቅኑት። ቱቦ መሰሉን ሶኬት በታይሮዱ ላይ አስገብታችሁ ፍቱ። የራኩ ጫፍ መፍቻ የሚይዝ ጠፍጣፋ ገጽ ካለው በዚያ ላይ ሌላ መፍቻ አድርጋችሁ ያዙት። ኃይሉ በራኩ ጥርሶች በኩል አልፎ ፒንየኑ (ራኩን የሚነዳው ትንሽ ባለ ጥርስ ዘንግ) ላይ እንዳያርፍ ነው፤ ጥርስ የሚሰነጠቀው በዚህ ጊዜ ነው። የሚያብረቀርቀውን የራክ ዘንግ በፒንሳ ወይም በቱቦ መፍቻ መንከስ ፈጽሞ አይገባም፤ አንዲት ጭረት የማኅተሙን ላስቲክ በየጊዜው እያረሰች ዘይት ታስወጣለች። ማኅተም የሌለው የእጅ መሪ ቢሆንም ልማዱን አትልመዱት።

ሲወጣ አሮጌውን ከውጭው ኢንድ ጋር መልሳችሁ እስከ ቀለም ምልክቱ ግጠሙት፣ አዲሱን ጎኑ አስቀምጡ። ሁለቱን ኳሶች ትይዩ አድርጋችሁ አዲሱን በዚያው ርዝመት አስተካክሉ። አሮጌውን ይዛችሁ ኳሱን በእጅ አነቃንቁት። አዲሱ ጠንከር ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ አሮጌው በራሱ ክብደት ከወደቀ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነበር።

መግጠም

የራኩን ክር በሽቦ ብሩሽና በፍሬን ማጽጃ አጽዱ፤ ዘይት አይኑርበት። በታጣፊ ሮንዴላ የሚቆለፍ ከሆነ አዲሱን ሮንዴላ አድርጋችሁ አጥብቁና ጠርዙን በራኩ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እጠፉት። ሮንዴላ የሌለውና አምራቹ የክር ማጣበቂያ የሚያዝዝበት ከሆነ መካከለኛውን ሰማያዊ ሁለት ጠብታ ተጠቀሙ። የማጥበቂያው ቶርክ እንደ ዓመቱና እንደ ራኩ ዓይነት ስለሚለያይ የመኪናዋ ወርክሾፕ ማንዋል የሚለውን ያዙ። የውስጥ ታይሮድ ሲላላ ከውጭ አይታይም፤ በሌላ በኩል ኢንዱ ቢላላ ፒን አለው፣ ይህኛው ግን ከሮንዴላውና ከማጣበቂያው ሌላ የሚይዘው የለም። ስለዚህ እዚህ በእጅ ግምት አይሠራም።

ቡቱን ከማልበሳችሁ በፊት ኳሱ ላይና የራኩ ጫፍ ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ። የቡቱ ትንሽ አፍ በሚያርፍበት የዘንጉ ጎድጓዳ ላይም ትንሽ ግሪስ አድርጉ። ምክንያቱ በኋላ ቶ ስታስተካክሉ ዘንጉ ይዞራል፤ ግሪስ ከሌለ ቡቱ አብሮ ይጠመዘዝና እንደ ጨርቅ ተጨምቆ ይቀራል፤ በመጀመሪያው ክረምት ይቀደዳል። የትልቁን አፍ መያዣ አጥብቁ፤ የትንሹን አላይመንቱ እስኪያልቅ ጠበቅ አታድርጉት።

መቆለፊያ ዳዶውን አስገቡ፤ የዘንጉ ክር ላይ ዝገት የሚከላከል ቅባት ስስ አድርጉ፤ የሚቀጥለው ሰው ያመሰግናችኋል። አዲሱን ኢንድ በለካችሁት ርዝመት ግጠሙ። ክሩ ኢንዱ ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ወይ የተሳሳተ ክፍል ነው፣ ወይ የመኪናዋ ሌላ ነገር ጠምሟል።

የኮኑና የክንዱ ቀዳዳ ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ። ግሪስ አይቀባም፤ ኮን የሚይዘው በደረቅ ፍትጊያ ነው። ባለ ጥርሱን ዳዶ በማንዋሉ ቶርክ አጥብቁ። ስታጠብቁ ኳሱ አብሮ ከዞረ ከተቃራኒው በኩል በክሪክ ወይም በትልቅ መጨበጫ (ክላምፕ) ኢንዱን ወደ ቀዳዳው ጫን አድርጉና ኮኑ ሲነክስ አጥብቁ። ከዚያ የፒኑ ቀዳዳ ከዳዶው ጥርስ ጋር ካልተገጣጠመ ወደሚቀጥለው ጥርስ ማጥበቅ እንጂ ማላላት የለም። ላላ ያለ ኮን በክንዱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው ክንዱን የያዘው ትልቁ ብረት ነው። አዲሱን ፒን አስገብታችሁ እግሮቹን እጠፉ። አሮጌው ፒን ሁለተኛ አይታጠፍም።

ጎማዎቹን መልሱ፣ መኪናዋን አውርዱ፣ የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ከ89 እስከ 117 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ አጥብቁ። መቆለፊያ ዳዶዎቹ ገና በእጅ ብቻ የጠበቁ ናቸው።

ቶን በሲባጎ ማስተካከል

ጋራዥ ለመሄድ የወሰነ ሰውም ይህን ቢያንስ በግምት ሠርቶ ነው መንዳት ያለበት። ሲባጎ ከተጠነቀቁበት ውጤቱ በጣም ጥሩ ነው፤ የውድድር ሰዎችም በየሜዳው የሚሠሩት በእሱ ነው።

ጠፍጣፋ ወለል ምረጡ። የጎማዎቹን አየር ወደ 26 ፒኤስአይ (1.8 ባር) አምጡ፤ የአምራቹ ልክ ለመጀመሪያው ትውልድ ይህ ነው። መኪናዋን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላና ወደ ፊት ግፏት፣ ፊቷን ተጫኑና ልቀቁ፤ ክሪክ ላይ ሳለች የተዘረጉት ስፕሪንጎችና ክንዶች እንዲረጋጉ ነው። ከወረደች በኋላ ወዲያው የተለካ ቶ ውሸት ነው፤ ጎማዎቹ ወለሉን ነክሰው ወደ ጎን ተገፍተው ነው የቆሙት። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሁለት ሁለት እጥፍ የቆሻሻ ከረጢት ብታስገቡ በቀላሉ ይንሸራተታሉ።

መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ከወንበሩ ጋር በገመድ እሰሩት። ከዚያ በሁለቱም ጎን፣ በቸርኬው መሐል ከፍታ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከመኪናዋ ፊት እስከ ኋላ ወጥሩ። ሁለት ረጅም ዘንግ በፊትና በኋላ አድርጋችሁ በሁለቱም ላይ በእኩል ርቀት ቆርጣችሁ ክሮቹን ብታስሩ ሁለቱ ክሮች ሁልጊዜ ትይዩ ይሆናሉ። አሁን ክሮቹን ከመኪናዋ ጋር አሰልፉ፤ ከክሩ እስከ ቸርኬው መሐል ያለው ርቀት በፊት ግራና ቀኝ እኩል፣ በኋላም ግራና ቀኝ እኩል ይሁን። ፊትና ኋላው ግን እኩል አይሆኑም፤ የሚያታ የኋላ ጎማዎች ከፊተኞቹ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቸርኬ ባላት መኪና ፊት ላይ ክሩ በየጎኑ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ይህን ያላወቀ ሰው አራቱንም እኩል ሊያደርግ ሲታገል ይውላል።

በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዝ በብረት ማስመሪያ ለኩ። ፊተኛው ጠርዝ ከክሩ የበለጠ ከራቀ ጎማው ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሯል፣ ቶ-ኢን ነው። በ14 ኢንች ቸርኬ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት 0.15 ዲግሪ ያህል ነው። ለመንገድ የምትነዳ ሚያታ በሁለቱ ጎማ ድምር ከዜሮ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቶ-ኢን ባለው ውስጥ ብትሆን ደህና ናት፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ምርጫችን ነው። ቶ-አውት ለውድድር ሜዳ የሚፈልጉት አሉ፤ አውራ ጎዳና ላይ ግን መኪናዋን እረፍት ያሳጣታል፣ የጎማውንም የውስጥ ጠርዝ ይበላዋል።

ለማስተካከል ዘንጉን በጠፍጣፋ ገጹ ላይ መፍቻ አድርጋችሁ አዙሩ። የሚያታ ራክ ከጎማዎቹ መሐል መስመር በፊት ስለሆነ ታይሮዱ ሲያጥር ጎማው ወደ ቶ-ኢን፣ ሲረዝም ወደ ቶ-አውት ይሄዳል። ራኩ ከኋላ የሆነ መኪና ላይ ግን ይህ ይገለበጣል። አንድ ስድስተኛ ዙር ቸርኬው ላይ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይለውጣል፤ በዚህ መጠን ሥሩ። በሁለቱም ጎን እኩል አዙሩ፤ ቀጥ ስትነዱ የመሪው ክብ ጠምሞ ከነበረ አንዱን ባሳጠራችሁ ልክ ሌላውን አስረዝሙ። ክቡን ከዘንጉ ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መልሶ መግጠም ፈጣን ይመስላል፤ ግን ራኩን ከመሐል ያስወጣዋል። ኤርባግ ያለውም ሲነቀል ከሥሩ ያለውን ጥቅል ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ነው።

ሲያልቅ ኢንዱን በሁለቱ የማዘንበያ ጫፎቹ መሐል ይዛችሁ መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቁ። ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ከተቆለፈ ሙሉ መታጠፊያ ላይ ኳሱ ጠርዙን ይመታል። ማጥበቁ ራሱ ቶውን በጥቂቱ ስለሚነካው እንደገና ለኩ፤ ከዚያ የቡቱን ትንሽ መያዣ አጥብቁና ቡቱ ያልተጠማዘዘ መሆኑን እዩ።

መሞከር

ሞተሩን አስነሥታችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ ቡቱ የትም አይነካካ፣ የሚያኳኳ ነገር አይኑር። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ንዱ። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች መጀመሪያ የጎማ አየር፣ ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹን ግራ ቀኝ ቀያይራችሁ እዩ፤ መሳቡ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ ጎማው ላይ ነው። ቀጥ ብላ ሄዳ መሪው ብቻ ከጠመመ ወደ ታይሮዶቹ ተመለሱ። ከ80 እስከ 100 ባለው ፍጥነት የሚመጣ መንቀጥቀጥ የጎማ ባላንስ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣው ዲስክ ነው። ለሁለቱም ታይሮድ አይቀየርም።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ፣ መቆለፊያ ዳዶዎቹንም በመፍቻ እንደገና ፈትሹ። እንደ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደህንነት ፍተሻ በሚያስገድድ ግዛት የምትኖሩ ከሆነ መርማሪው የመሪውን ልቅነት ስለሚያይ ሥራውን ከቀጠሮው በፊት ጨርሱት።

ካምበርና ካስተር (የጎማው ወደ ጎን ማዘንበልና ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበል) ከተነኩ፣ ወይም መኪናዋ ዝቅ ተደርጋ ከሆነ፣ ወደ አላይመንት ማሽን ውሰዷት። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የታችኛው ክንድ ሞላላ ብሎኖች መዞር መቻላቸውን ፈትሹ፤ ካምበርና ካስተር የሚስተካከሉት በእነሱ ነው። በጨው አገር ከክንዱ ላስቲክ ውስጠኛ ብረት ጋር ዝገት አጣብቋቸው የሚገኙት እነሱ ናቸው፤ ያልዞሩ ከሆነ ባለ ማሽኑ ቶውን ብቻ አስተካክሎ ሙሉ ዋጋ ይቀበላል። ቶ የሚስተካከለው ሁልጊዜ ከካምበርና ከካስተር በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው።